ስልኬ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ኪሴ ግን ይነዝረኛል

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ነገሩ ተራ ሊመስልዎት ይችላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ማታ ማታ ስልኬን ሳይለንት አድርጌ ነው የምተኛው። እንዲያም ሆኖ ሌሊት ኮመዲኖው ላይ ድርርር ይላል። መጀመሪያ ባለቤቴ ይባንናል፤ ከዚያ እኔ፤ ከዚያ ሕፃኑ። ቀን ደግሞ መልእክት ስጽፍ እያንዳንዱ ፊደል ጣቴን ንክስ ያደርገኛል። ሴቲንግ ገብቼ አንድ ቦታ አጠፋሁት፤ በሌላ በኩል ብቅ አለ። ያንንም አጠፋሁ፤ አሁንም አለ። የባሰው ደግሞ ስልኩ ፊት ለፊቴ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ኪሴ ውስጥ ሲነዝር ይሰማኛል። እጄን ስሰድ ባዶ ነው። ጤነኛ ነኝ? ጨርሶ እንዳላጠፋው እናቴ ታማለች፤ በሌሊት ልትደውል ትችላለች። የእኔ ስልክ ሳምሰንግ ነው፤ የባለቤቴ አይፎን። ምን ይመክሩኛል?

እንቅልፍ ያማራት»

እህቴ፣

በ«እርስዎ» ነው የጻፍሽልኝ። እኔ ግን «አንቺ» ብልሽ ቅር አይበልሽ፤ እንዲህ ያለ ጭንቀት በአንቱታ አይወራም።

መጀመሪያ ያሰጋሽን ነገር ላንሳልሽ። ጤነኛ ነሽ። ኪስሽ ውስጥ የሚሰማሽ ነገር ስም ወጥቶለታል፤ ተጠንቷል፤ ብዙ ሰው ያውቀዋል። እመለስበታለሁ። አሁን ግን ሌሊቱን እናስተካክል። እንቅልፍ የሌለው ሰው ምክር አይሰማም።

«አንድ ቦታ ሳጠፋው በሌላ በኩል ብቅ አለ» ያልሽው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ችግሩ ያለው እዚያ ነው። ስልክሽ ውስጥ የሚነዝረው ሞተር አንድ ነው። የሚያዙት ግን ብዙ ናቸው። አንድ ደወል አስቢ፤ ከደወሉ አምስት ስድስት ገመድ ተንጠልጥሏል። የሚደውልልሽ ሰው አንዱን ይጎትታል። መልእክት ሲገባ ሌላው ይጎተታል። ማንቂያ ሰዓቱ የራሱ ገመድ አለው። ኪቦርዱም የራሱ አለው። ስክሪኑን ጫን ብለሽ ስትይዢ ደግሞ ስልኩ ራሱ ይጎትታል። አንቺ አንዱን ገመድ ቆረጥሽና ደወሉ ዝም እንዲል ጠበቅሽ። ሌሎቹ እኮ እንዳሉ ናቸው።

ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ ከመግባትሽ በፊት «አሁን የነዘረኝ ማን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። እሱን ካወቅሽ ቀሪው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

«ሳይለንት» የሚለው ቃልም ሳያሳስትሽ አልቀረም። ሳይለንት ማለት በብዙ ስልኮች ላይ የደወሉ ድምፅ ይዘጋ ማለት ነው፤ ሞተሩ ይተኛ ማለት አይደለም። ሳምሰንግሽ ላይ ሦስት ደረጃ አለ፦ ድምፅ፣ ቫይብሬት፣ ሚዩት። ከስክሪኑ አናት ጎትተሽ በምታወርጂው ሰሌዳ ላይ ያለችውን የድምፅ ምልክት ስትነኪያት ከአንዱ ወደ ሌላው ትዞራለች። ብዙ ሰው አንዴ ነክቶ ድምፁ ሲጠፋለት እዚያው ይተዋታል። እዚያ ላይ ግን ያለችው ቫይብሬት ላይ ነው። አንዴ ጨምረሽ ንኪያት። አይፎን ላይም ሳይለንት ሲደረግ ይንዘር ወይስ አይንዘር የሚለውን የሚወስነው ሌላ ቦታ ነው። «ሳውንድስ ኤንድ ሃፕቲክስ» ውስጥ «ሃፕቲክስ» የሚል አለ። ሁልጊዜ ይንዘር፣ ሳይለንት ላይ ብቻ ይንዘር፣ ሳይለንት ላይ አይንዘር፣ ፈጽሞ አይንዘር፤ አራት ምርጫ ይሰጣል። ለባለቤትሽ ሦስተኛው ይበቃዋል።

በነገራችን ላይ «ሃፕቲክ» የሚለው ቃል የመጣው ከግሪክኛ ነው፤ ከመንካት ጋር የተያያዘ ትርጉም አለው። ስልክ ሠሪዎች «ቫይብሬሽን» ሲሉ ብዙ ጊዜ የጥሪና የመልእክቱን ረጅም ንዝረት ማለታቸው ነው። «ሃፕቲክ» ሲሉ ደግሞ ስትነኪው የምትሰማሽን አጭር ጠቅታ። ሁልጊዜ ባይሆንም ይህን ልዩነት ማወቅ ሴቲንግ ውስጥ ከመጥፋት ያድናል።

አሁን ወደ ኮመዲኖው። ስልኩ በራሱ የሚያወጣው ድምፅ ትንሽ ነው። እጅሽ ላይ ሲነዝር አጠገብሽ ያለ ሰው ላይሰማው ይችላል። ጠንካራ እንጨት ላይ ስታስቀምጪው ግን እንጨቱም አብሮ ይንቀጠቀጣል። እንጨቱ ሰፊ ስለሆነ ብዙ አየር ያንቀሳቅሳል፤ ድምፁም ይጎላል። ከሥሩ ባዶ መሳቢያ ካለው በቃ፣ ከበሮ ሆነ ማለት ነው። እኔ አንዴ ስብሰባ ላይ ጨዋ ለመምሰል ስልኬን ቫይብሬት አድርጌ ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሲደወልልኝ ድምፁ ከደወል ባሰ። ያም አልበቃ ብሎት እየተንፏቀቀ ሄደና ከጠረጴዛው ጫፍ ወደቀ። ተናጋሪው ንግግሩን አቁሞ አየኝ። ስክሪኑ ተርፏል፤ እኔ ግን ያን ቀን አልተረፍኩም።

ገመዶቹን አንድ በአንድ እንያቸው። ከኪቦርዱ ጀምሪ። እሱን በማጥፋትሽ የሚቀርብሽ ነገር የለም፤ ለጣትሽ ግን ትልቅ እረፍት ነው። አስቢው፤ በአማርኛ ስንጽፍ በብዙዎቹ ኪቦርዶች አንዱን ፊደል ለማውጣት ሁለቴ እንነካለን። መጀመሪያ ግዕዙን፣ ከዚያ ካዕቡን ወይም ሣልሱን ወይም ሌላውን። ንዝረቱም ሁለት ጊዜ ነው። «እንዴት አደራችሁ» ለማለት ጣትሽ ስንት ጊዜ እንደሚነከስ አንድ ቀን ቁጠሪው።

የምትጠቀሚው የሳምሰንግን ኪቦርድ ከሆነ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ሳውንድስ ኤንድ ቫይብሬሽን»፣ ከዚያ «ሲስተም ቫይብሬሽን» ውስጥ ግቢ። «ሳምሰንግ ኪቦርድ» የሚል ታገኛለሽ፤ አጥፊው። እንደ ስልኩ ዕድሜ የቃላቱ አጻጻፍ ትንሽ ሊለያይ ይችላል። ካላገኘሽው ሴቲንግ አናት ላይ ባለችው መፈለጊያ «ቫይብሬሽን» ብለሽ በእንግሊዝኛ ፈልጊ። እኔ ራሴ መንገዱን በቃሌ አላጠናም፤ እንደዚያ ነው የማደርገው። የጉግልን ጂቦርድ ከሆነ የምትጠቀሚው ግን እዚያ የለም። ኪቦርዱን ክፈቺና ሴቲንጉን የምትከፍተውን የጥርሳም ጎማ ምልክት ንኪ፤ «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ ወደ ታች ስትወርጂ «ሃፕቲክ ፊድባክ ኦን ኪፕረስ» የሚል አለ።

ለአማርኛ ብለሽ ለብቻ ያወረድሽው ኪቦርድ ካለ ደግሞ ጠርጥሪው። «ሁሉንም አጠፋሁ፤ አሁንም አለ» ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ ጋ ጥፋተኛው እሱ ሆኖ ነው ያገኘሁት። እንዲህ ያለ ኪቦርድ ብዙ ጊዜ የራሱ ማጥፊያ አለው፤ ማጥፊያው የሚገኘው በራሱ አፕ ውስጥ ነው። አፑን ከፍተሽ «ቫይብሬት ኦን ኪፕረስ» ወይም እሱን የመሰለ ነገር ፈልጊ።

የባለቤትሽ አይፎን ላይ «ሳውንድስ ኤንድ ሃፕቲክስ» ውስጥ «ኪቦርድ ፊድባክ» አለ፤ እዚያ ውስጥ «ሃፕቲክ»ን ማጥፋት ነው። አፕል ይህን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2022 አይኦኤስ 16 ከሚባለው የአይፎን ሶፍትዌር ጋር ነው። ሲመጣም ጠፍቶ ነው የመጣው፤ ስለዚህ በርቶ ካገኛችሁት ያበራው ከቤተሰቡ አንዱ ነው። ማን እንደሆነ አታጣሩ። ባትሪ ይበላል ወይ ለሚለው፣ አፕል ራሱ የኪቦርዱ ንዝረት የባትሪን ቆይታ ሊነካ እንደሚችል ጽፏል። ግን ይህን አጥፍቶ ባትሪዬ ሁለት ቀን ይቆያል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል።

ሁለተኛው ገመድ የንክኪው ነው። ወደ ኋላ ስትመለሺ፣ ምልክት ጫን ብለሽ ስትይዢ፣ ቁጥር ስትመቺ የምትሰማሽ ያቺ ጠቅታ። ሳምሰንግሽ ላይ ያው «ሲስተም ቫይብሬሽን» ውስጥ ተደርድረው ታገኛቸዋለሽ። አንዱ ቻርጀር ሲሰካ የሚነዝረው ነው። ሕፃኑ እንደተኛ በጨለማ ቻርጅ ስታደርጊ እሱም ድርር ይላል፤ አጥፊው። አይፎን ላይ «ሲስተም ሃፕቲክስ» የሚለው ነው፤ ከገጹ ታች ታገኙታላችሁ። ካጠፋችሁት በኋላ ከሌላ ስልክ ደውላችሁ ጥሪው እንደምትፈልጉት መሆኑን አረጋግጡ። ንክኪውን ማጥፋት ሥራ አያስቆምም። ጫን ብለሽ ስትይዢ የሚከፈተው ነገር እንደ ድሮው ይከፈታል፤ ጠቅታዋ ብቻ ትቀራለች።

ጠቅታዋ ግን ምን ያህል እንደምታታልል አንድ ነገር ላጫውትሽ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አይፎን 7 ላይ ከታች ክብ ቁልፍ ነበረች። ስትጫኛት ወደ ውስጥ የገባች ይመስልሻል። አልገባችም። ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም፤ ከሥር ያለው ሞተር ነው ጣትን የሚሸውደው። ስልኩ ጠፍቶ ስትጫኛት ድንጋይ የጫንሽ ያህል ነው። ጣታችን የሚሸወደው ቆዳችን ውስጥ ለንዝረት ብቻ የተሠሩ ጥቃቅን አካላት ስላሉ ነው። ያገኛቸው ፓቺኒ የሚባል ጣሊያናዊ የአካል ክፍል ተመራማሪ ነው፤ በስሙም ይጠራሉ። በሰከንድ ከ200 እስከ 300 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ነገር ሲነካቸው በጣም ንቁ ናቸው። ብዙዎቹ የስልክ ሞተሮችም ከዚህ ብዙ በማይርቅ ፍጥነት ነው የሚንቀጠቀጡት። አንቺን የሚረብሽሽ ጣትሽ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ጣት በጣም በሚሰማው ቦታ ላይ ተስተካክሎ የተሠራ ነገር ስለሆነ ነው።

የንዝረቱ ዓይነትም ይለያያል። የቆየው አሠራር አንድ ጎኑ የከበደ ነገር የምታሽከረክር ትንሽ ሞተር ነው። ለመነሳትም ለመቆምም ጊዜ ይወስድባታል፤ ስለዚህ ንዝረቷ ዝርክርክ ነው። አዲሱ በሞላ ላይ የተቀመጠ ክብደትን በማግኔት ወዲያና ወዲህ የሚገፋ ነው፤ አጭርና ጥርት ያለ ነው። የሁለተኛው ዓይነት ከሆነ ስልክሽ፣ ጨርሶ ከማጥፋት በፊት «ቫይብሬሽን ኢንተንሲቲ» የሚለውን ሞክሪው። የጥሪው፣ የመልእክቱና የንክኪው ኃይል ለየብቻ ከፍና ዝቅ ይላል። ዝርክርኩ ከሆነ ግን ምን ያደርግልሻል፤ አጥፊው።

ሦስተኛው ገመድ የመልእክቱ ነው። ሌሊት የሚቀሰቅሳችሁ እሱ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ በሌሊት የሚደውል ሰው ጥቂት ነው፤ በሌሊት የሚጽፍ ግሩፕ ግን ሞልቷል። እዚህ ላይ የብዙ ሰው ስህተት ሴቲንግ ገብቶ የአፖቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች መልቀም ነው። አትድከሚ። ጥፋተኛውን እጅ ከፍንጅ ያዢው። ስልኩ ሲነዝር የመጣውን ኖቲፊኬሽን ጫን ብለሽ ያዢ። «ሳይለንት» የሚል ምርጫ ይመጣልሻል። ያንን ስትመርጪ ከዚያ ወዲያ ያ ነገር ሲመጣ ድምፅም ንዝረትም አይኖረውም፤ ሲመችሽ ታይዋለሽ። ሳምሰንግሽ የሚሠራበት ሶፍትዌር፣ አንድሮይድ፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ከስምንተኛው ስሪት ጀምሮ የአንዱን አፕ ኖቲፊኬሽን በዓይነት በዓይነቱ ይከፍለዋል። ስለዚህ ከአንድ አፕ የሰው መልእክት እንዲነዝር፣ ማስታወቂያው ግን ዝም እንዲል ማድረግ ይቻላል። አዳዲስ ሳምሰንጎች ላይ ይህ ክፍፍል ተደብቆ ነው የሚመጣው። «ኖቲፊኬሽንስ»፣ ከዚያ «አድቫንስድ ሴቲንግስ» ገብተሽ «ማኔጅ ኖቲፊኬሽን ካታጎሪስ ፎር ኢች አፕ» የሚለውን አብሪው። ለምን እንደደበቁት አይገባኝም።

ጥፋተኛው በሌሊት መጥቶ ከሄደስ? እዚያው «አድቫንስድ ሴቲንግስ» ውስጥ «ኖቲፊኬሽን ሂስትሪ» የሚል አለ። ዛሬውኑ አብሪው፤ ሳይበራ ያለፈውን አይመዘግብም። ጠዋት ስትነሺ ክፈቺው፤ ባለፉት 24 ሰዓታት የገባውን ሁሉ ከነሰዓቱ ያሳይሻል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ማን እንደቀሰቀሳችሁ ስሙን ታያለሽ። የማታውቂው ጌም ሆኖ ብታገኚው አትደነቂ።

ዋትስአፕና ቴሌግራም ደግሞ የራሳቸው የንዝረት ማጥፊያ አላቸው። ዋትስአፕ ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ኖቲፊኬሽንስ»፣ «ቫይብሬት»። የመልእክት፣ የግሩፕና የጥሪ ለየብቻ ነው፤ አንዱን ብቻ አጥፍተሽ እንዳትወጪ። ቴሌግራም ላይም የግል፣ የግሩፕና የቻናል ተለያይቶ ተቀምጧል። የግሩፑንና የቻናሉን ያለ ምንም ርኅራኄ አጥፊ።

«ባላየውስ ምን ይለኛል፤ ይንዘር» የሚል ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ለዚህ መልስ አለው። ሰዎች ትኩረት የሚፈልግ ሥራ ላይ እያሉ ስልካቸው ጥሪ ወይም መልእክት መግባቱን ሲያሳውቃቸው፣ ስልኩን ባይነኩት እንኳ ስህተታቸው ጨምሯል። ሐሳብ ለመበተን ማየት አያስፈልግም።

አሁን ወደ እናትሽ። እግዜር ይማርልሽ። ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ስለሆነ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ሁሉንም በአንዴ የሚያጠፋ ማጥፊያ አለ። አይፎን ላይ «አክሰሲቢሊቲ»፣ «ተች»፣ «ቫይብሬሽን» ነው። አንዳንድ አንድሮይዶችም አንድ ትልቅ ማጥፊያ አላቸው። አልመክርሽም። የአይፎኑ የመሬት መንቀጥቀጥንና የመሳሰለውን የአደጋ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ንዝረት ሳይቀር ነው የሚያጠፋው። ንዝረት ፈጽሞ የማይስማማው ሰው ይጠቀምበት፤ ለዚያ ነው የተሠራው። እኔ አንድ ሰሞን በንዴት ተነስቼ ስልኬ ላይ ያለውን ድምፅም ንዝረትም በሙሉ አጠፋሁ። ሁለት ቀን ሰላም ነበር። በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ቁልፉን ረስቶ በር ላይ 40 ደቂቃ ቆመ። እኔ ውስጥ ተቀምጬ አነባለሁ። 11 ሚስኮል። እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።

ሌላም ነገር አለ። ሙሉ ዝምታ ሁሉንም ሰው አያረጋጋም። እ.ኤ.አ. በ2022 የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ስልካቸውን ሙሉ በሙሉ ዝም ያሰኙ ሰዎች ስልካቸውን ይበልጥ ደጋግመው ሲያዩ ነው የተገኙት፤ በተለይ አንድ ነገር ያመልጠኛል ብለው የሚሰጉት። እናቷ የታመመች ሰው ደግሞ ብትሰጋ ማን ይፈርድባታል? ሁሉንም ብታጠፊው ሌሊት አሥር ጊዜ ተነስተሽ ስልኩን ታበሪያለሽ። ንዝረቱ ይሻልሽ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ማታ ማታ ድምፁን አትዝጊው። አዎ፣ በትክክል ነው ያነበብሽው። የደወሉን ድምፅ ክፍት አድርጊና «ዱ ኖት ዲስተርብ»ን አብሪ። ይህ ማጣሪያ ነው፤ ሁሉን ያስቆምና አንቺ የፈቀድሽለትን ብቻ ያሳልፋል። ሳምሰንግ ላይ «ኖቲፊኬሽንስ» ውስጥ ነው፤ አዳዲሶቹ ላይ «ሞድስ» ከሚለው ጋር ተቀላቅሏል። «ኮልስ» የሚለው ውስጥ የእናትሽን ቁጥር አስገቢ። ከእናትሽ ጋር የሚያድር ሰው ካለ የእሱንም ጨምሪ፤ የታመመ ሰው ሁልጊዜ ራሱ አይደውልም። ከዚያ «ሪፒት ኮለርስ»ን አብሪ። አንድ ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ከደወለ ስልኩ ያሳልፈዋል፤ የማታውቂው ቁጥር ቢሆንም። ጎረቤት በራሱ ስልክ ቢደውልልሽ የሚያድንሽ ይህ ነው። አይፎን ላይም አለ፤ የእሱ ግን 3 ደቂቃ ነው። መጨረሻ ላይ ሰዓቱን አስገቢ፤ ለምሳሌ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12። ከዚያ በኋላ በየማታው ማስታወስ የለብሽም።

ድምፁን አትዝጊው ያልኩሽ ለምን እንደሆነ ልብ በይ። ስልኩ ቫይብሬት ወይም ሚዩት ላይ ከተቀመጠ ማጣሪያው እናትሽን ቢያሳልፋትም ደወሉ አይጮኽም። ብዙ ሰው ሁለቱንም ያደርግና «አልሠራልኝም» ይላል። ባለቤትሽ ግን አንድ ተጨማሪ ዕድል አለው። አይፎን ላይ የእናትሽን ስም ከፍቶ «ኤዲት»፣ ከዚያ «ሪንግቶን» ውስጥ ሲገባ «ኢመርጀንሲ ባይፓስ» የሚል ያገኛል። እሱን ካበራው ስልኩ ሳይለንት ላይ ቢሆንም የእሷ ጥሪ ይጮኻል። አማቹን የሚወድ ከሆነ ዛሬ ያብራው።

ካስተካከልሽ በኋላ ሞክሪው እንጂ አትመኚው። የባለቤትሽን ቁጥር ለጊዜው ከእናትሽ ጎን አስገቢና ሌላ ክፍል ሄዶ ይደውልልሽ። ከዚያ ቁጥሩን አውጪና ከ15 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ድጋሚ ይደውል፤ ቀድሞ ከደወለ «ሪፒት ኮለርስ» ያሳልፈዋል። መጀመሪያ መጮኽ፣ ቀጥሎ ዝም ማለት አለበት።

ማንቂያ ሰዓቱ የሰዓት አፑ ውስጥ የራሱ የንዝረት ማጥፊያ አለው። እጅሽ ላይ ስማርት ሰዓት ካለም የራሱ ሞተር አለው፤ ስልኩን ዝም ብታሰኚው እሱ ሊቀጥል ይችላል። እነዚህን አልዘረዝርም።

ኪስሽ ላይ ደረስን። ስሙ «ፋንተም ቫይብሬሽን» ነው፤ የሌለ ንዝረት እንደማለት። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ቤይስቴት ሜዲካል ሴንተር በሚባል ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪሞችና ባልደረቦቻቸው ስለዚህ ተጠይቀው ነበር። ከ169ኙ 115ቱ፣ ማለትም 68 በመቶው፣ እንደሚሰማቸው ተናገሩ። ሐኪሞች ናቸው እንግዲህ። ከሁለት ዓመት በኋላ 290 የኮሌጅ ተማሪዎች ሲጠየቁ ደግሞ 89 በመቶው ያውቁት ነበር። በዚያው በ2012 በአውስትራሊያ የሚታተመው ማኳሪ መዝገበ ቃላት የዓመቱ ቃል ብሎ መረጠው። ብቻሽን አይደለሽም።

እንዴት ይመጣል? ቆዳችን ቀኑን ሙሉ ጥቃቅን ነገር ይሰማዋል። ጨርቅ ይፈትገዋል፤ ጡንቻ ትር ይላል። አእምሮ ብዙውን ችላ ይለዋል። ጥሪ የሚጠብቅ አእምሮ ግን እያንዳንዷን «እሷ ትሆን?» እያለ ይመረምራል፤ አንዳንዴም ይሳሳታል። በሩ ላይ ጆሮውን ጥሎ እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ነፋሱ ሲያንኳኳ እንደሚነሳው ነው። አንቺ የእናትሽን ጥሪ እየጠበቅሽ ነው። ኪስሽ ቢነዝር ምን ይገርማል።

የሆስፒታሉ ሰዎች ምን እንዳደረጉም ተጠይቀዋል። ስሜቱን ለማስቆም ከሞከሩት ውስጥ ይበልጥ የተሳካላቸው ንዝረቱን ያጠፉት ናቸው፤ 75 በመቶው ቆሞላቸዋል። ስልካቸውን የሚይዙበትን ቦታ የቀየሩት ደግሞ 63 በመቶ። ስለዚህ ቀን ቀን የእናትሽ ጥሪ የራሱ ደወል ይኑረው፤ ሌላ ሰው ሲደውል የማትሰሚው ዓይነት ድምፅ ምረጪለት። ስልኩን ከኪስሽ አውጥተሽ ቦርሳ ውስጥ አድርጊ። ከዚያ ወዲያ ጭንሽ ላይ የሚሰማሽ ነገር ስልክ ሊሆን እንደማይችል ታውቂያለሽ። በአንድ ቀን አይጠፋም። ጊዜ ስጪው።

ባለቤትሽ ይህን ካነበበ አንድ ነገር ልለምነው፤ ስልክን ትራስ ሥር አድርጎ መተኛት መፍትሔ አይደለም። ንዝረቱ በፍራሹ በኩል ላንቺም ይደርስሻል፤ ከዚያ በተጨማሪ ቻርጅ እየተደረገ ያለ ስልክ ይሞቃል፤ ሙቀቱ መውጫ ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት ይበቃሻል። ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ከየት እንደሚመጣ ግን አላውቅም። ዛሬ ማታ ካልተገኘ፣ ቻርጀሩን ንቀይና አንድ ፎጣ አራት ቦታ አጥፈሽ ከስልኩ ሥር አንጥፊለት።